የሳንቃው ጀርባ

አንድ መንገደኛ ላሊበላ ገብቶ፣ ከማረፊያ ቤቱ በረንዳ ላይ ካለ ወፍራም የዋንዛ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠ እንበል። ጠረጴዛው ከአንድ ግንድ የወጣ አንድ ሳንቃ ነው። ጠርዙ አልተስተካከለም፤ ዛፉ ሲያድግ በታጠፈበት ታጥፏል፣ ጉጥ ባለበት አብጧል፣ የተነሣለት ቅርፊቱ ብቻ ነው። እንግዳው እጁን በላዩ እያሳለፈ “ይህ እንዴት ተሠራ?” ይላል። አስተናጋጁ “በእጅ ነው” ብሎ ይመልሳል። ቡናው ይቀርባል፣ ጨዋታው ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ጥያቄውም የተመለሰ ይመስላል። መልሱን ቆም ብሎ ለሚያስብ ሰው ግን “በእጅ” የሚለው ቃል ከጥያቄው ይልቅ ይከብዳል። ምሳር የሚሰነዘረው በእጅ ነው። መጋዝም የሚሳበው በእጅ ነው። በቤንዚን የሚጮኸውን የሰንሰለት መጋዝ የሚይዘው እጅ ነው፤ በሞተር የሚሽከረከረው ክብ መጋዝ እንኳ ግንዱን ገፍቶ የሚያቀርብለት እጅ ይፈልጋል። እጅ ያልነካው ሳንቃ ከሌለ፣ “በእጅ ተሠራ” ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሳንቃው ከግንዱ የወጣው ከየትኛው ወገን ነው? ከግንዱ የለየው ስለት ምን ዓይነት ነው? ከዚያ በኋላስ ማን ምን አደረገበት? ሦስቱም ምስክር አላቸው፤ ምስክሮቹ ግን የሚቆሙት በተለያየ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር የሳንቃው ጫፍ ነው። በጫፉ ላይ የዕድሜ ቀለበቶች እንደ ተደፋ ቅስት ተደራርበው ከታዩ፣ ሳንቃው የወጣው ከግንዱ ጎን ነው። ቀለበቶቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ ስለቱ ከቅርፊት ወደ እምብርት ባለው መስመር ሄዷል ማለት ነው። እምብርቱ ራሱ ከሳንቃው መካከል ከተገኘ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው የሚነሣ ስንጥቅ አብሮት ይኖራል። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከእምብርት ወደ ቅርፊት ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ከጎን የወጣው ሳንቃ ይቀለበሳል፣ ቀለበቱ የቆመለት ቀጥ እንዳለ ይኖራል፣ እምብርቱን የያዘው ይሰነጠቃል። ሰው ጠረጴዛው “ጎበጠ” ብሎ ሲያዝን ምክንያቱን በእርጥበት ወይም በፀሐይ ላይ ይጥላል። የጉብጠቱ አቅጣጫ ግን የተወሰነው ቀደም ብሎ፣ ግንዱ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ ጠራቢው ዞሮ ዞሮ አይቶ “ከዚህ እንጀምር” ባለ ጊዜ ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ ምስክር የሳንቃው ገጽ ነው። ብርሃን ከአናቱ ሲወርድበት ገጹ ዝም ይላል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ግን እያንዳንዱ ጭረት ጥላ ይጥላል፣ ጥላውም ይነበባል። በሽብልቅ የተፈለጠ እንጨት የጥርስ ምልክት የለበትም። ገጹ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይወርዳል፣ ጅማቱ ሲጠመዘዝ አብሮ ይጠመዘዛል፤ ሽብልቅ የሚሄደው ዛፉ በሚፈቅድለት መንገድ ነውና። በምሳር የተጠረበው ስለቱ ገብቶ የቆመበትን አጭርና ቀጥ ያለ ጠባሳ ይይዛል። ስለቱ እንደ ዶማ ወደ ያዡ በዞረ መጥረቢያ የተስተካከለው ደግሞ ነፋስ የነካው ኩሬ ይመስላል፤ ማንኪያ መሰል ጎድጓዶች ጎን ለጎን ይሰለፉበታል። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ሁለት ሰዎች የሚስቡት ረጅም መጋዝ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይተዋል። መስመሮቹ ግን እኩል አይደሉም፤ ክንድ ሲደክም ይቀራረባሉ፣ ጉልበት ሲታደስ ይራራቃሉ፣ ሰዎቹ አቋማቸውን ሲለውጡ ይዘማሉ። በውኃ ወይም በእንፋሎት ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ መጋዝም መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በእርሱ ላይ ግን ርቀቱ ከዳር እስከ ዳር አይለወጥም። ክብ መጋዝ ቅስት ይስላል፤ ቅስቱን በሐሳብ ላራዘመው ሰው የመጋዙን ስፋት ጭምር ይነግረዋል። እንደ ቀበቶ እየዞረ የሚመለሰው መጋዝ በሳንቃው ወርድ ላይ ቀጭንና ተመሳሳይ መስመሮችን ይደረድራል። የሰንሰለት መጋዝ ገጽ ሻካራ ነው፤ ያዡ በተወዛወዘበት ሁሉ ማዕበል ይሠራል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ምልክቱን ማየት፣ መሣሪያውን መሰየም። ችግሩ የሚመጣው ከመሣሪያው ስም ወደ ዘመኑ ለመዝለል ሲሞከር ነው። በአሜሪካ ጥንታዊ የቤት ዕቃ የሚመረምሩ ሰዎች የክብ መጋዝ ቅስት ያለበትን ሳንቃ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊት አያደርሱትም፤ የመጥረቢያ ምልክት ያለበትን ግን ወደ ኋላ ለመግፋት ይደፍራሉ። ይህ ሚዛን ላሊበላ ወዳለችበት ወደ ላስታ ተራሮች ቢመጣ ግማሹ ይሰበራል። በላስታ ደጋ ምሳርና መጥረቢያ ያለፈ ዘመን ዕቃዎች አይደሉም፤ ዛሬም በገበሬው ቤት ከበር ጀርባ ቆመዋል። በበር ሳንቃ ላይ ያለ የመጥረቢያ ጎድጓድ የዛግዌ ዘመን ሊሆን ይችላል፣ ያለፈው በጋም ሊሆን ይችላል። አዲስ መሣሪያ የተወው ምልክት “ከዚህ ወዲያ አያልፍም” ብሎ ዘመኑን ይዘጋል፤ አሮጌ መሣሪያ የተወው ምልክት ግን የሚዘጋው በር የለውም። ማሽንና ዘመናዊነትም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በዛሬዋ ቱርክ ሂራፖሊስ በተባለችው ጥንታዊት ከተማ የተገኘ አንድ የድንጋይ ሣጥነ መቃብር ላይ፣ በውኃ መንኮራኩር የሚሠራ መጋዝ ተቀርጿል። ሥዕሉ የ3ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ መጋዙም የሚቆርጠው ድንጋይ ነበር። “እኩል መስመር ካየህ ቅርብ ዘመን ነው” የሚለው ሰው ይህን መቃብር ማስታወስ ይኖርበታል። መሣሪያ በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን አይወለድም፤ በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን አይሞትምም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ከዚያ በኋላ ማን ምን አደረገበት የሚለው፣ ሌላ ጥርጣሬ ያመጣል፤ ይኸኛው ይበልጥ ይከብዳል። እያንዳንዱ መሣሪያ ሥራውን የሚጀምረው ከእርሱ በፊት የነበረውን ምስክርነት በማጥፋት ነው። መጥረቢያ የሽብልቁን ገጽ ያነሣል፣ መላጊያ የመጋዙን መስመር ያነሣል፣ ብርጭቆ ወረቀት የመላጊያውን ጎዳና ያነሣል፣ ቫርኒሽ በሁሉም ላይ ይተኛል። እንግዲህ “ይህ እንዴት ተሠራ?” ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው የመጨረሻው እጅ ብቻ ነው። ሥራው በተሳካ ቁጥር ዕቃው ስለ ራሱ የሚናገረው ያንሳል፤ ፍጹም የተላገ ሳንቃ ምንም የማይናገር ሳንቃ ነው። አናጺው ሙያውን ያሳየበት ገጽ የአሠራሩን ታሪክ ያጣንበት ገጽ ይሆናል። ታሪኩ የሚተርፈው ማንም ባልደከመለት ቦታ፣ በጠረጴዛው ሆድ፣ ከግድግዳ በተጠጋው የቁም ሣጥን ጀርባ፣ እግሩ በገባበት ቀዳዳ ውስጥ ነው። የጥንት ዕቃ የሚያውቁ ሰዎች ወንበር ሲቀርብላቸው ከመቀመጣቸው በፊት የሚገለብጡት ስለዚህ ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። የምንመረምረው የሠሪውን ጥበብ ከሆነ፣ ጥበቡን ያላዋለበትን ጀርባ ማየት ምን ያደርግልናል? የምንመረምረው እውነቱን ከሆነ ደግሞ፣ ሊታይ የታሰበው ፊት ሐሰት ነበር ማለት ነው? ሁለቱንም መቀበል ይከብዳል። ፊቱ ሠሪው ሊሆን የፈለገውን፣ ጀርባው ያደረገውን ይናገራሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው የዚያን ሰው ቀን ሙሉ አድርጎ አያሳይም።

ቋንቋውም እንደ ሳንቃ ጀርባ አለው። ግንድ ገብቶ ጣውላ የሚወጣበትን ፋብሪካ አማርኛ “የእንጨት መሰንጠቂያ” ይለዋል። መጋዝ ግን አይሰነጥቅም፤ ይገዘግዛል፣ ጅማቱን በጥርሱ እየበጠሰ ዱቄት ያደርጋል። መሰንጠቅ የሽብልቅ ሥራ ነው። መሣሪያው ሲለወጥ ቃሉ በስፍራው ቀረ፤ በሞተር ጩኸት ውስጥ የሽብልቁ ድምፅ ይሰማል። “ሳንቃ” በአሮጌው በር ላይ የቆየ ቃል ነው፤ “ጣውላ” ከጣሊያንኛው “ታቮላ” የመጣ ነው፤ ዛሬ አንድ አናጺ ሁለቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራቸዋል። ከሁሉም በላይ ግን “ጠረበ” የሚለው ግስ አለ። እንጨትም ይጠረባል፣ ድንጋይም ይጠረባል፤ ቋንቋው ለሁለቱ አንድ ቃል ከሰጠ ሠሪው በሁለቱ ፊት የሚቆመው በአንድ ዓይነት ልብ ነው ማለት ነው። ሁለቱም ላይ ሥራው መቀነስ ነው፤ የተነሣው ተመልሶ አይለጠፍም።

ይህ ዝምድና በላሊበላ በዓይን ይታያል። ከ11ዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ቤተ አማኑኤል፣ ግድግዳው ከአንድ አለት ሆኖ ሳለ ገባ ወጣ ባሉ አግድም መስመሮች ተከፋፍሏል። እነዚህ መስመሮች የአክሱም ዘመን ሕንፃ መልክ ናቸው፤ በዚያ አሠራር የድንጋይና የእንጨት ረድፎች እየተፈራረቁ ይደረደሩ ነበር፣ የተሻጋሪዎቹም እንጨቶች ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ “የዝንጀሮ ራስ” ይባላል። በአክሱም ሐውልቶች ላይ ያሉት በሮች፣ መስኮቶችና የእንጨት ጫፎችም እንዲሁ ከድንጋይ የተቀረጹ ናቸው፤ በሩ መዝጊያው ሳይቀር ተቀርጾለታል፣ ግን አይከፈትም። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በዋሻ ውስጥ በቆመው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግን ነገሩ ራሱ አለ፤ ጥቁሩ እንጨትና በኖራ የነጣው ድንጋይ እየተፈራረቁ ግድግዳ ሆነዋል። ሁለቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው ጥያቄው ይገለበጥበታል። በይምርሐነ ክርስቶስ እንጨቱ እንጨት ነው። በቤተ አማኑኤል እንጨቱ የለም፤ ያለው የእንጨት ቅርጽ ነው፣ የመሣሪያው ምልክት ግን የድንጋይ ጠራቢ ነው። ታዲያ ቤተ አማኑኤል የሌለውን እንጨት እንዳለው በማስመሰል ይዋሻል?

አይዋሽም፤ ምክንያቱን ግን መፈለግ ያሻል። ዛሬ አንዳንድ አናጺ በማሽን የወጣ ጣውላ ገዝቶ፣ ገጹን በመጥረቢያ ቀጥቅጦ፣ በሰንሰለት አቁስሎ፣ በቀለም አጥቁሮ “የጥንት” ብሎ ይሸጣል። በዚያ ጠረጴዛ ላይም የመጥረቢያ ምልክት አለ፣ ምልክቱም ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥ መጥረቢያ ነክቶታል። ሐሰቱ ያለው ምልክቱ ባልሠራው ሥራ እንዲመሰክር መደረጉ ላይ ነው። ሳንቃውን ከግንዱ ያልለየው መሣሪያ እንደ ለየው ሆኖ ይቀርባል፤ በቦታው ያልነበረ ምስክር “አይቻለሁ” ይላል። መርማሪው የሚለየውም በዚህ ነው፤ ጎድጓዶቹ ከላይኛው ፊት ብቻ ይሆናሉ፣ ከሥር የማሽኑ መስመር አለ። የቤተ አማኑኤል ድንጋይ ግን ድንጋይነቱን አልደበቀም። አለቱ ከዙሪያው አለት ተለይቶ፣ ከሥሩ ሳይነቀል፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆሟል። ገዢ ሊያታልል የወጣ ዕቃ አይደለም። የጠረቡት ሰዎች አባቶቻቸው በእንጨትና በድንጋይ ይሠሩት የነበረውን ቤት አስታውሰው፣ ቤት ማለት ያ መልክ ያለው ነው ብለው ጠረቡት። የሚታወስ ነገር መልኩን ይዞ ይመጣል፣ ቁሱን አይይዝም። እንግዲህ በማስመሰልና በመዘከር መካከል ያለው ልዩነት በምልክቱ ላይ አይገኝም፤ ምልክቱ ለማን፣ ስለ ምን እንደ ቀረበ በማወቅ ይገኛል። ሳንቃውን ብቻ የያዘ ሰው ይህን ማወቅ አይችልም።

ሳንቃውን ጨርሶ መያዝ የማይቻልበትም ጊዜ አለ። በላሊበላና በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ታቦት የሚያርፍባቸው ጥንታዊ የእንጨት መናብርት አሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ የተቀረጹትን የግእዝ ጽሑፎች ተመራማሪው ስቴፋን ስትረልሲን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትሟቸዋል፣ ከእርሱም በኋላ ክሌር ቦስክ-ቲየሴ በእነዚህ ንዋያተ ቅድሳት ላይ ሰፊ ጥናት አድርጋለች። በእነዚህ እንጨቶች ላይ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት አለ። አንደኛው በፊደል የተቀረጸው ነው፣ ስምና ጸሎት ይናገራል። ሁለተኛውን የጻፈው ሳያስበው የጻፈ ስለት ነው፣ እንጨቱ እንዴት እንደ ተጠረበ ይናገራል። ፊደሉ “ማን” እና “ለማን” ለሚለው ይመልሳል፤ የስለቱ ምልክት “በምን” ለሚለው ብቻ። ሁለቱ ጽሕፈቶች አንዱ ሌላውን አይተካም። መንበሩ ግን እንደ ወንበር ተገልብጦ የሚታይ ዕቃ አይደለም፤ መቅደስ ውስጥ ያለ፣ ካህኑ የሚቀርበው ነው። መርማሪ እዚህ ላይ ሲቆም ያጣው እውቀት እንዳለ ግልጽ ነው። ያም ሆኖ እጁን መሰብሰቡ አለማወቅ አይደለም፤ መንበሩ የቆመለትን ሥራ ዛሬም እየሠራ መሆኑን ማወቁ ነው።

ወደ በረንዳው ጠረጴዛና ወደ “በእጅ” እንመለስ። እስካሁን በተባለው ላይ ቆሞ ቃሉን መተርጎም ይቻላል። በመጥረቢያ ሥራ ላይ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይወሰናል፤ አንዱ ጎድጓድ ከሌላው የሚለየው ጠራቢው በየምቱ ጅማቱን አይቶ ስለሚያስብ ነው። በሁለት ሰው መጋዝ ላይ ውሳኔው በክር በተሰመረው መስመር ላይ ነው፤ ምቶቹ መስመሩን ይከተላሉ፣ የሚታየው የሁለቱ ሰዎች ድካምና መግባባት ነው። በክብ መጋዝ ላይ ገጹ የሚያሳየው የሞተሩን ፍጥነትና የጥርሱን ስለት ነው። ስለዚህ “በእጅ” የሚለው የመጠን ቃል ነው፤ በገጹ ላይ ምን ያህል የሰው ውሳኔ እንደ ቀረ ይለካል። ይህ ትርጉም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ያ የሳንቃው ጫፍ ይቃወመዋል። በማሽን ቤት የሚሠራ ሰውም ግንዱን አዙሮ አይቷል፤ እምብርቱን ትቶ፣ ጉጡን ወደ ዳር አድርጎ፣ “በዚህ በኩል ይግባ” ብሏል። ያ ውሳኔ በገጹ ላይ የለም፤ በቀለበቶቹ አቀማመጥ ላይ ግን ተጽፏል፣ መጥረቢያ ከያዘው ሰው ውሳኔም አያንስም። ማሽኑ እጁን አላጠፋውም፤ ከገጹ አንሥቶ ወደ ጫፉ ወሰደው። እንግዲህ አስተናጋጁ “በእጅ ነው” ሲል አልተሳሳተም፤ እንግዳው ግን የትኛው እጅ፣ በየትኛው ቦታ ላይ ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

ከእጆቹ ሁሉ በፊት ደግሞ ዛፉ አለ። የወርዱ ስፋት ራሱ ምስክር ነው፤ ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ ለመውጣት ዛፉ ብዙ አሥርት ዓመታት መቆም ነበረበት። እንጨት ለቤትና ለማገዶ በተመናመነበት ደጋ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ወደ አገሪቱ የገባው ባሕር ዛፍ ብዙውን ሸክም ተቀብሏል፤ ትልልቆቹ ጥዶችና ወይራዎች በብዛት የቀሩት እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን በስም ጠርቶ ጥበቃ ያደረገላቸውም እየጠፉ ስለ ነበር ነው። ስለዚህ “ይህ እንዴት ተሠራ?” የሚለው ጥያቄ “ይህ ከየት ተቆረጠ?” የሚለውን ይዞ ይመጣል። የመጋዝ ምልክት ይህን አይመልስም። ከጭረቶቹ ስለ መሣሪያው የቻሉትን ያህል ማወቅ ይቻላል፤ ዛፉ በፈቃድ ይቆረጥ በስርቆት፣ ከገበሬው ማሳ ዳር ይሁን ከተጠበቀ ደን፣ ጭረቶቹ አይለዩም። ለዚህ ጥያቄ ያለው ምስክር ሠሪው ብቻ ነው፤ እርሱ ዝም ካለ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ስለዚህ ነገሩ በሁለት ሰዎች እጅ ላይ ይወድቃል። ሰፊ ሳንቃ የሚያወጣ አናጺ የላይኛውን ፊት እንደ ሙያው ያሳምር፤ የታችኛውን ግን ሳይልግ ይተወው፣ በእርሳስም የዛፉን ስም፣ የተቆረጠበትን ቦታና ዓመት፣ የገዘገዘውን መጋዝ ዓይነት ይጻፍበት። አሮጌ በር ወይም አሮጌ አልጋ የወረሰ ሰው ደግሞ ሊያሳድሰው ወደ አናጺ ከመላኩ በፊት አንድ ማለዳ ፀሐይ ከጎን ስታገኘው ያውጣው፣ ፊቱንም ጀርባውንም ጫፉንም ፎቶ ያንሣ፣ ማን እንደ ሠራውም በሕይወት ያሉ አባቶችን ጠይቆ ይመዝግብ። ብርጭቆ ወረቀቱ አንድ ጊዜ ካለፈበት በኋላ ይህን ማድረግ አይቻልም።